ወደ ቦታው የሚመለሰው ነጭ ጭረት

ኦክቶበር 17

የጠዋት ቆጠራ፦ የፈነዳ ጠርሙስ ሁለት፣ የተሰበረ ክንድ አንድ።

ክንዱ የወንድሜ የክሊመንት ነው፤ ቀኙ። ወደ ምድር ቤቱ ሲወርድ ከደረጃው ተንሸራተተ። ይጠገን ብዬ ስጮህበት የኖርኩት ደረጃ ነው። «አባታችን ዕድሜውን ሙሉ ወርዶበታል» ይለኝ ነበር። አባታችን ሲወርድበት ደረጃው ወጣት ነበራ!

እስከ ማታ ቪላፍራንካ ሆስፒታል። ጀሶው ከገና በፊት አይፈታም። ሐኪሟ «ምንም አታነሣም፣ ምንም አታዞርም» አለችው። አታዞርም ስትል ክሊመንት እኔን አየኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

ኦክቶበር 18

ምን ያህል እንደተናደድኩ ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ ልተንፍሰው።

የባርሴሎናው ባለሱቅ ብሩጌስ ለገና ሁለት ሺህ ጠርሙስ ካቫ፣ አረፋማውን ወይን ጠጃችንን፣ አዞናል። ስኳር ያልነካው፣ ጥርት ያለ። በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች ቀልድ አያውቅም። ጠርሙሶቹ ሁለት ዓመት ተጋድመው ቆይተዋል። እርሾው ስኳሩን በልቶ፣ ጋዙን ሠርቶ፣ ሞቶ፣ አተላ ሆኖ ጎናቸው ላይ ተኝቷል። ክሊመንት ከመውደቁ በፊት አንገታቸውን ቁልቁል አድርጎ ባለቀዳዳው ጣውላ ላይ ሰክቷቸዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሞኝ የሚችለው ነው፤ ታጋሽ ሞኝ ግን። እያንዳንዱን ጠርሙስ በየቀኑ ጥቂት ማዞር፤ አተላው እየተንሸራተተ አንገቱ ውስጥ እስኪከማች ድረስ። ያኔ ቆርኪው ሲከፈት ጋዙ አተላውን ይተፋዋል፣ ቡሽ ይገባል፣ አለቀ። የት እንደተደረሰ እንዲታወቅ የእያንዳንዱ ጠርሙስ ቂጥ ላይ አንድ ነጭ የቀለም ጭረት አለ።

አገሩ ሁሉ ማሽን አለው። የጎረቤታችን የጆፍሬ ማሽን አምስት መቶ ጠርሙስ አቅፎ ሲያዞር ይውላል፤ አይታመም፣ ከደረጃ አይወድቅ። እንግዛ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩ። ክሊመንት ግን «ማሽን አተላውን ያወርደዋል፤ ጠርሙሱን ግን አያውቀውም» ይላል። ጠርሙስ ማወቅ! ጠርሙስ ጠርሙስ ነው።

ኦክቶበር 20

የትልቁ ካቫ አምራች ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሲኞር ሳንታካና መጣ። ምድር ቤቱን፣ የወይን ማሳውንና ስማችንን መግዛት ይፈልጋሉ። ድርቁ ሦስት ዓመቱ ነው። ከላይኛው ማሳ ሲሶው ቆሞ ደርቋል። ዋጋው መጥፎ አይደለም።

«ሲኞራ አሱምፕታ፣ እርስዎ ነገር ይገባዎታል» አለኝ። ከወንድምዎ ይልቅ ማለቱ ነው። መልስ የሚጠብቀው እስከ ዲሴምበር 20 ነው።

ለክሊመንት በራት ሰዓት ነገርኩት። በግራ እጁ ሾርባ መጠጣት ገና አለመደም፤ ንዴት ሲጨመርበት ጠረጴዛው ባሕር ሆነ።

«የአባታችንን ቤት! ለእነዚያ ካቫ እንደ ቤንዚን ለሚቀዱ!»

«ዝናብ አንተ ታዘንባለህ?»

«አንቺ ነና፣ ለሽያጭ ቢሆን እኔንም ዋጋ ታወጪብኝ ነበር።»

ነና ይለኛል። ሕፃን፣ ሚጣ እንደማለት ነው። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው።

በመጨረሻ ስምምነት ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የብሩጌስ ሁለት ሺህ ጠርሙስ ጠርቶ ለገና ከደረሰ አንሸጥም። ካልደረሰ እንፈርማለን። ሚስቱ ሬሜይ ምስክር ሆነች። እጅ ተጨባበጥን፤ በግራው። ጠርሙሶቹን የጆፍሬ ማሽን ያዞራቸዋል አልኩት። ፊቱን አዞረ። ከዚያ ወዲህ «ጨው አቀብዪኝ» ካልሆነ ቃል አልተነፈሰልኝም።

ኦክቶበር 24

ጆፍሬ ማሽኑ እስከ ገና ማግስት ተይዟል አለ።

«ለክሊመንት እንዳትነግረው» አልኩት።

«አሱምፕታ፣ አንቺ መሸጥ አይደል እንዴ የምትፈልጊው? ምን አስጨነቀሽ ታዲያ?»

«ትእዛዝ የሞላለት ቤት ዋጋው ይጨምራል።»

እውነት ነው። ማንኛውም ነጋዴ የሚያውቀው ነው።

ኦክቶበር 25

ሌላው ሳይነሣ ወርጄ ሁለት ሺውንም አዞርኩ። ጭረቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነበር፤ ወደ ቀኝ ዘመም እስኪል አዞርኩት። ከዚህ በፊት ጠርሙስ የነካሁት ለመሸጥ ብቻ ነው። አንጓዬ ተቃጠለ። ምድር ቤት ስልክ አይሠራም፤ ሁለት ደንበኛ ደውሎ አጣኝ። ይህ ሥራ ነው?

ክሊመንት ከራት በቀር ከአልጋ አይነሣም ነበር፤ ዛሬ ተነሥቶ ምሳም ከእኛ ጋር በላ። ከዚያ «ዶሮዎቹን ልያቸው» ብሎ ወጣ። እኔም ወደ ኢጉዋላዳ ለሽያጭ።

ኦክቶበር 26

ጭረቶቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ወደ ላይ። ትናንት አላዞርኳቸውም? አዞርኩ እንጂ። አንጓዬ ይመስክር።

እንደገና አዞርኩ። ቸኩያለሁ።

ኦክቶበር 28

ዛሬም ወደ ላይ። ሁሉም።

መብራቱ ደካማ ነው። ምናልባት ከላይኛው ረድፍ ጀምሬ ሳልጨርስ ወጥቼ ይሆናል። ሳልጨርስ አልወጣሁም።

ኖቬምበር 1

የቅዱሳን ሁሉ በዓል። ሬሜይ ለበዓሉ የሚበላውን ደረቅ ፍሬ ጠበሰች፣ ከለውዝ የሚሠራውን ጣፋጭም ጋገረች። መቃብር ሄድን። የእናታችን መቃብር ፊት ክሊመንት ከወትሮው ረዘም አድርጎ ቆመ። እኔም።

እማማ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በሩን ትቆልፍና መቆለፏን ልታረጋግጥ ትመለሳለች። ከፍታ ትቆልፈዋለች። እንደገና ትመለሳለች። የጀመራት በእኔ ዕድሜ ነው። በመጀመሪያ እንስቅባት ነበር። እኔ ነበርኩ ይበልጥ የምስቀው።

ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ዘዴ አበጅቻለሁ። አዙሬ ስጨርስ በርሜሉ ራስ ላይ አንድ የለውዝ ፍሬ አስቀምጣለሁ። ለውዙ ካለ አዙሬያለሁ ማለት ነው።

ኖቬምበር 2

ለውዙ የለም።

ኖቬምበር 3

የለም።

ኖቬምበር 4

በልቼው ይሆን?

ኖቬምበር 9

ዳቦ ቤት ሄጄ ዳቦ ጠየቅኩ። ሻጯ «ቅድም ወሰድሽ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ወስጄ ነበር። በመኪናው ወንበር ላይ ነበር። ስወጣ ከኋላዬ አንዷ ለሌላዋ «የጋሎፍሬ ቤት ልጅ ናት፤ እናትየውም እንዲሁ ነው የጀመራት» አለቻት። ሁለተኛውን ዳቦ ሳልከፍልበት ይዤ ወጣሁ፣ ተመልሼ ከፈልኩ። አሁን ደግሞ ይህን ያወራሉ።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው፦ በየጠዋቱ አዞራለሁ፤ በማግስቱ ጭረቱ ቦታው ተመልሷል። ወይ ጠርሙስ በራሱ ይዞራል፣ ወይ እኔ ያላደረግኩትን አደረግኩ ብዬ አምናለሁ። ጠርሙስ በራሱ አይዞርም። የወይን ማሳውን ዋጋ ከነታክሱ በቃሌ አውቃለሁ፣ የደንበኞቼን ሁሉ ስልክ አውቃለሁ። ይህንን ብቻ። ለሐኪም ልናገር? ለሐኪም ከተናገርኩ ሬሜይ ትሰማለች፤ ሬሜይ ከሰማች ከተማችን ሳን ሳዱርኒ በሙሉ ይሰማል፤ ሳንታካናም ዋጋውን ይቀንሳል። የምፈራው እሱን ነው።

ኖቬምበር 11

የቅዱስ ማርቲን ዕለት። በየቤቱ አዲሱ ወይን ጠጅ ይቀመሳል። አልቀመስኩም።

ኖቬምበር 15

አንዱን ጠርሙስ አምፖል ላይ አድርጌ አየሁት። አተላው አልወረደም። እዚያው ጎኑ ላይ፣ እንደተኛ ድመት። ሦስት ሳምንት ሙሉ!

የክሊመንት ክንድ ማንጠልጠያ ጨርቅ በምድር ቤት ጥቀርሻ ጠቁሯል። «ዳግመኛ ልትወድቅ ደረጃው አጠገብ ምን ትሠራለህ?» አልኩት። «ግድግዳ ተደግፌ ነው» አለኝ። ዋሽቶኛል። በድብቅ ሲጋራ ጀምሯል፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል።

ኖቬምበር 19

እሑድ። ከምሳ በፊት ቬርሙት፣ ያን መረር የሚል ወይን ጠጅ፣ ስንጠጣ ሬሜይ አማረረች።

«ይሄ ሰውዬ ምሳ ከበላ በኋላ ዶሮ ሊያይ ይሄዳል። ስድስት ዶሮ ነው ያለን። ምናቸው ነው ከሰዓቱን ሙሉ የሚታየው? አንድ እንቁላል እንኳ ይዞ መጥቶ አያውቅም!»

«ዶሮ ሰው ትናፍቃለች» አለ ክሊመንት።

«እኔስ አልናፍቅም?»

«አንቺ እንቁላል አትጥዪም።»

ፎጣውን ወረወረችበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ? በየጠዋቱ ጎህ ሳይቀድ የት ነው የምትሄጂው? አንቺም ዶሮ ነው?» ቢሮ አልኳት። እኔን የሚያሳብደኝ ምድር ቤቱ ብቻ አይደለም፤ እነዚህ ሰዎችም ናቸው።

ኖቬምበር 24

ብሩጌስ ደወለ። «ሲኞራ፣ ናሙና መቼ ነው የማየው? ደንበኛ መዝግቤያለሁ።» ሳምንት ያህል ስጡኝ አልኩት። ሳንታካናም ደወለ። በጣም ትሑት ነው። ትሑት ገዢ ያስፈራኛል፤ ጉድለታችንን ያወቀ ነው የሚመስለኝ።

አዞርኩ። ለውዝ አስቀመጥኩ። ለምን እንደማስቀምጥ አሁንማ አላውቅም።

ዲሴምበር 2

ወደ ባርሴሎና ግማሽ መንገድ እንደሄድኩ ለብሩጌስ የማሳየውን የአምናውን ናሙና መርሳቴ ትዝ አለኝ። (ስለ መርሳት ዛሬ ምንም አልናገርም።) ተመለስኩ። ምሳ አልፏል። የምድር ቤቱ መብራት በርቷል።

ክሊመንት ባልዲ ደፍቶ ተቀምጦበታል። የጀሶው ክንድ ከአንገቱ ተንጠልጥሏል። በግራ እጁ ጠርሙስ ያዞራል፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ያለውን፣ ቀጥሎ ያለውን። ወደ ግራ። ጉንጩ ውስጥ ለውዝ ያኝካል።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። እንደዚያ የተናደድኩበትን ቀን አላስታውስም።

«ምን እያደረግክ ነው?»

ጠርሙሱን ሊለቀው ምንም አልቀረው። «አንቺ! ነፍሴን… ዶሮዎቹን…»

«ዶሮ አትበለኝ! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአልጋ ከወረድኩበት ቀን ጀምሮ! አንቺማ እስኪበላሹ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ማሽን ይመጣል፣ ማሽን ይመጣል! የታለ ማሽኑ?»

«በየጠዋቱ እኔ አዞራቸዋለሁ፣ አንተ በቅሎ!»

ጭረቶቹን አየ፣ እኔን አየ።

«በየት በኩል?»

«ወደ ቀኝ ነዋ! በየት በኩል ይዞራል?»

«እኔ በሁለት እጄ ስሠራ የቀኙን ረድፍ ወደ ቀኝ፣ የግራውን ወደ ግራ ነው። አባባም እንደዚያ ነበር። አሁን ያለኝ ግራ ብቻ ነው…» እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው። «በመጀመሪያው ቀን ጭረቱ ዘመም ብሎ ሳገኘው ከመውደቄ በፊት አንድ ጊዜ ያዞርኩት መስሎኝ ነበር።»

ማለትም፣ ሁለት ሺህ ጠርሙስ ጠዋት ወደ ቀኝ፣ ከሰዓት ወደ ግራ። አምስት ሳምንት ሙሉ። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሾርባ እየጠጣን። አፋችንን ከፍተን አንድ ቃል ብንነጋገር ኖሮ!

ጮህኩበት። ምን ምን እንዳልኩ አልጽፍም። እስክጨርስ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ ደግሞ እንደ እማማ የጀመረኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «አዞራለሁ፣ በማግስቱ እንዳልዞረ ሆኖ አገኘዋለሁ። ለሬሜይ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ሳስብ ነው የከረምኩት።»

ቁጭ አልኩ። መቀመጫ ስላልነበረ ደረጃው ላይ።

«ለውዙንስ?» አልኩት።

«ያንቺ ነው እንዴ? ሬሜይ ነገሩን አውቃ፣ አይዞህ ስትለኝ የምታስቀምጥልኝ መስሎኝ!»

«ማስታወሻ ነበር!»

«ጥሩ ለውዝ ነው» አለኝ።

መሳቅ የጀመረው እሱ ነው። እኔ አልሳቅኩም። ብዙ አልሳቅኩም።

በኋላ ዓይኑን እየጠረገ «ግን አንቺ መሸጥ አይደል የምትፈልጊው?» አለ። «ለምን አዞርሽ?»

«ትእዛዝ የሞላለት ቤት ዋጋው ይጨምራል።»

«እህ» አለ። ይህን «እህ» አልወደድኩትም።

ዲሴምበር 5

አብረን እናዞራለን። እሱ በጣውላው ግራ፣ እኔ በቀኝ። ሁለታችንም ወደ ቀኝ ብለን ተስማምተናል፤ እጁ ግን አይሰማም።

«ወደ ቀኝ!»

«አውቃለሁ!»

«አሁንም ወደ ግራ ነው ያዞርከው!»

«ጀርባዬን ሰጥቼሽ እንዴት አየሽ?»

ጊዜው ስላጠረ ጠዋትም ማታም ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ መጀመሪያ ብድግ አድርጎ በቀስታ ነቅነቅ ማድረግ አለ፣ አተላው ከመስታወቱ እንዲላቀቅ። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። አንዳንዱ ጠርሙስ ይታዘዛል፣ አንዳንዱ ያኮርፋል። የሦስተኛው ጣውላ ታችኛው ረድፍ በሙሉ አኩራፊ ነው። ለእነሱ ለብቻ መመለስ ያስፈልጋል።

ዲሴምበር 12

አምፖል ላይ አየነው። ወርዷል! ሁሉም አይደለም። ስለ ደረጃው ጥገና አነሣሁ። «ከገና በኋላ» አለ። እምቢ አላለም።

ዲሴምበር 18

ዛሬ መክፈት ጀመርን። ሌላው ሰው አንገቱን አቀዝቅዞ በማሽን ያስተፋዋል። እኛ በእጅ፣ እንደ አባታችን። እጁ ግን የእኔ ሆነ።

«ቁልቁል ያዢው። አሁን ቀስ ብለሽ ቀና። አረፋው ወደ አንገቱ ሲሮጥ ይታይሻል? አተላው ጋ ሊደርስ ሲል ክፈቺ። አሁን… ዘገየሽ!»

ፊቴን አጠበኝ። ሁለተኛውም። ሬሜይ ከላይ ሆና «ሁለታችሁም አብዳችኋል!» ትላለች። በኋላ እጄ ገባው። ቆርኪው ጧ ይላል፣ አተላው ይወረወራል፣ አውራ ጣት አፉ ላይ፣ ጸጥታ።

ከአንዱ ቀመስን። ስኳር የለውም፣ ስለዚህ የሚደበቅበት የለውም። መጀመሪያ አረንጓዴ ፖም፣ በስተመጨረሻ ትንሽ መረር የሚል፣ እንደ ለውዝ ልጣጭ። ለስንት ዓመት ሸጥኩት። በችኮላ ያልቀመስኩት ዛሬ ገና ነው። ይህ የነጋዴ ወሬ አይደለምና እዚህ ላይ ይቁም።

ዲሴምበር 20

የጠራው አሥራ ሁለት መቶ ነው። የቀረው ስምንት መቶ ገና ደብዛዛ ነው፤ አኩራፊዎቹ። ቢያንስ ሌላ ሁለት ሳምንት ይፈልጋሉ። ክሊመንት ቁጥሩን ሰማና የጠሩትን ካርቶን ውስጥ መደርደር ጀመረ። እኔም።

ሳንታካና ዛሬ ሁለት ጊዜ ደውሏል። ምድር ቤት ነበርኩ። እዚያ ስልክ አይሠራም።

ዲሴምበር 21

ባርሴሎና። ብሩጌስ ካርቶኖቹን ቆጥሮ ቅንድቡን አነሣ።

«ሲኞራ፣ ሁለት ሺህ ነበር የተባባልነው።»

«ቀሪው በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ለሦስቱ ነገሥታት በዓል ይደርሳል።»

«የገና ነገር በገና ነው።»

አንዱን ከፍቼ ቀዳሁለት። ወደ መብራቱ አነሣው። ጠጣ። ነጋዴ ሲወደው ፊቱን ያኮሳትራል፣ ዋጋ እንዳይጨመርበት፤ አኮሳተረ።

«ሁለት ሺህ ሙሉ የሚልክልዎ ሌላ ቤት ሞልቷል» አልኩት። «ጉድለቱንም በስኳር ይሸፍንልዎታል። ይህ ግን በገና ማለቅ አለበት። ደንበኞች አለቀ ሲባሉ ነው ለነገሥታት በዓል በር ላይ የሚሰለፉት።»

«እንዲህ በዪ ያለዎት ወንድምዎ ነው?»

«ወንድሜ ውኃ ለተጠማ ውኃ መሸጥ አይችልም።»

ወሰደው። ሙሉውን አሥራ ሁለት መቶ፣ የነገሥታቱን በዓል ስምንት መቶም ጭምር።

ዲሴምበር 22

ራት ላይ ሬሜይ ማንኪያዋን አስቀምጣ «ሁለት ሺህ ለገና ካልደረሰ ትፈርማላችሁ ነበር የተባለው። ምስክር አድርጋችሁኛል» አለች።

ክሊመንት ሾርባው ውስጥ አንድ ነገር የጠፋበት ይመስል አቀረቀረ።

«ጨው አንሶታል» አልኩ።

«አዎ፣ ጨው አንሶታል» አለ ክሊመንት። ጨዋማ ነበር። ሬሜይ ሁለታችንንም አየችን፣ ተነሥታ ጨው አመጣች፣ ጨመርን፣ በላን።

ሳንታካና መልእክት ልኳል፤ ውሉ ፊርማ ይጠብቃል ይላል። ማለዳ ከምድር ቤት ስወጣ አይቼ እመልስለታለሁ። ዛሬ ደክሞኛል።

ጣውላው ላይ ባዶ ቀዳዳ በዝቷል። ከበዓሉ ማግስት የሚሰኩት ጠርሙሶች ቂጣቸው ላይ ጭረት የላቸውም፤ የቀለሙ ቆርቆሮም ደርቋል።

ነገ፦ ወደ ቪላፍራንካ። ስለ ደረጃው ግንበኛውን ማናገር። ለውዝ። ነጭ ቀለም አንድ ቆርቆሮ፣ ብሩሽ ሁለት።